ገበያ ስለሚወጣ የወታደር ሳንቲም



ዛሬ ከእናንተ ጋር ልነጋገርበት የመረጥሁት ነገር በመጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ መዳፍ ውስጥ ይጠፋል። ከናስ ወይም ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ፥ ስፋቱ 4 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ፥ በአንድ ፊቱ የጦር ክፍል ዓርማ፥ በሌላው ፊቱ የክፍሉ መፈክር ወይም የአዛዡ ማዕረግ የተቀረጸበት ክብ ነገር ነው። ሳንቲም ይባላል እንጂ ዳቦ አይገዛም። አሜሪካኖች «ቻሌንጅ ኮይን» ይሉታል፤ እኛ «የመፈታተኛ ሳንቲም» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

ይህን ነገር እንድመረምር ያደረጉኝ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ኮርያ ዘምተው የተመለሱ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ እማማ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡና፥ «ልጄ፥ አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፤ እስቲ ይህ ስንት ያወጣል?» አሉኝ። ለልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት የሚከፈል ገንዘብ ጎድሏቸው ኖሯል። መሐረቡ ሲፈታ ሰማያዊና ነጭ መስመር ባለው ጥብጣብ የተንጠለጠለው የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ኒሻን ወጣ፤ ከጎኑም ሁለት የሰባት ቁጥሮች ተገጣጥመው የአሸዋ ሰዓት መስለው የተቀረጹበት አንድ ሳንቲም ነበረ። ይህ ዓርማ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው። በ1951 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) ኮርያ የደረሰው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃም በዚሁ ክፍለ ጦር፥ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ሆኖ ተዋግቷል። ሳንቲሙን ግን የሰጧቸው ያን ጊዜ አይደለም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ አዲስ አበባ የመጣ አንድ አሜሪካዊ የቀድሞ ዘማች ሲጨብጣቸው በእጃቸው ትቶላቸው ሄደ።

ስለ ሳንቲሙ አመጣጥ የሚነገረው ብዙ ነው። ከሁሉ የታወቀው ተረት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆነ የሚባለው ነው። አንድ ባለጸጋ መኮንን ለቡድኑ አብራሪዎች የነሐስ ሳንቲም አሠርቶ ያድላቸዋል። ከእነርሱ አንዱ አውሮፕላኑ ተመትቶ በጀርመኖች እጅ ይወድቃል፤ ያለውን ሁሉ ሲወስዱበት በአንገቱ ያንጠለጠላትን የቆዳ ከረጢት ብቻ ይተዉለታል። አምልጦ ከፈረንሳዮች ዘንድ ሲደርስ የጠላት ሰላይ ነህ ብለው ሊረሽኑት ይነሣሉ፤ ሳንቲሙን ባሳያቸው ጊዜ ግን በጥይት ፈንታ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ሰጡት ይባላል። ያማረ ወሬ ነው፤ ማስረጃ የሚሆን ሰነድ ግን አልተገኘለትም። ወደ እውነት የሚጠጋው ሌላው አነጋገር ነው፤ ይኸውም በኮርያ ጦርነት የ17ኛው እግረኛ ሬጅመንት አዛዥ የነበሩት ኮሎኔል ዊልያም ኩዊን ለወታደሮቻቸው ሳንቲም አሠርተው ነበር የሚለው ነው። 17ኛው ሬጅመንት ደግሞ ያው የ7ኛው ክፍለ ጦር አካል ነበረ፤ እንግዲህ የእኛ ልጆች ይህ ልማድ ከበቀለበት ቦታ ብዙ አልራቁም ማለት ነው።

የመፈታተኑ ሥርዓት በመጠጥ ቤት የሚፈጸም ነው። አንዱ ሳንቲሙን አውጥቶ ጠረጴዛውን መታ ሲያደርግ ሌሎቹም የየራሳቸውን ማውጣት አለባቸው፤ ያላወጣ ለሁሉም መጠጥ ይከፍላል፤ ሁሉም ካወጡ ከፋዩ ፈታኙ ራሱ ነው። ሳንቲሙ ሳይታሰብ ከእጅ ቢወድቅ እንኳ እንደ ፈተና ይቈጠራል። ዛሬ ግን ከዚህ ጨዋታ ይልቅ የከበረው አዛዡ በመጨባበጥ መካከል በበታቹ መዳፍ ውስጥ ሹልክ አድርጎ ማስቀመጡ ነው። ደብዳቤ የለው፥ መዝገብ ላይ አይወርድ፥ ምስክሩም ሁለት እጅ ብቻ ነው።

ገበያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ታላቁን የጀግንነት ኒሻን «ሜዳል ኦፍ ኦነርን» መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሳንቲሙን ግን የሚከለክል የለም። ሰብሳቢዎች በክፍል፥ በአዛዥና በዘመቻ እየለዩ ይገዛሉ፤ ተራው ጥቂት ዶላር ብቻ ሲያወጣ የፕሬዚዳንትና የታላላቅ ጄኔራሎች ሳንቲም ከዚያ ብዙ ይልቃል። በ2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕና የሰሜን ኮርያው መሪ ኪም ጆንግ ኡን ሊገናኙ ሲሉ፥ ገና ሳይገናኙ መታሰቢያ ሳንቲም ወጣ፤ ስብሰባው ቀረ በተባለ ጊዜም ይኸው ሳንቲም በቅናሽ ዋጋ ተሸጠ። ኋላ ተገናኙ። ያልሆነ ነገር መታሰቢያ ተሠርቶለት ማየት ለታሪክ ጸሐፊ ያስቃል፤ ለሰብሳቢ ግን እንዲህ ያለው ነገር ማማለያ ነው።

ከእናንተም መካከል በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያስቀመጠ አይጠፋም፤ ለመሸጥ ባያስብም ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በመጀመሪያ፥ ሳንቲሙን በአመድም ሆነ በሎሚ አትወልውሉት፤ ያ የጠቈረው ገጹ ዕድሜውን የሚመሰክርለት ስለ ሆነ ሰብሳቢ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ እርሱን ይመርጣል። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ሳንቲሙ የባለቤቱ ስም የሌለበት ነው፤ ቅርጽ አውጥቶ ሌላ መቶ ማምረትም አያስቸግርም። ስለዚህ ማን ሰጠ፥ ለማን ሰጠ፥ መቼና ስለ ምን ሰጠ የሚል ጽሑፍ ከፎቶግራፍ ጋር ካልተያያዘለት እውነተኛውም ከተቀዳው አይለይም። ይህን የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ መጻፍ ነው፤ እኛ ጎረቤቴን ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ነው የጠየቅናቸው፤ የአሜሪካዊውንም ስም ሊያስታውሱት አልቻሉም።

እማማ ኒሻኑን መሐረቡ ውስጥ መልሰው ሳንቲሙን ብቻ ለመሸጥ ቈረጡ። የባለቤታቸውን ስም፥ የዘመቱበትን ሻለቃና ሳንቲሙ እንዴት እንደ መጣ እርሳቸው እየነገሩኝ በአንድ ገጽ ጻፍሁላቸው፤ አብረንም ወደ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሄድን። ነጋዴው ሳንቲሙን ገልበጥ አድርጎ አየ፤ በሚዛን አኖረና የናሱን ዋጋ ነገረን። ወረቀቱን ስሰጠው ሳያነብ መለሰልኝ፤ «ይህ አያስፈልገኝም» አለ።

እማማ እጃቸውን ዘርግተው ሳንቲሙን ከሚዛኑ ላይ አነሡ። ወረቀቱንም ከእኔ ተቀብለው አራት አድርገው አጠፉትና ከሳንቲሙ ጋር በመሐረቡ ቋጠሩት። የትምህርት ቤቱን ገንዘብ በዚያ ወር ከዕድራቸው ተበደሩ።