ማንን ገጥሞ ተሸነፈ?

ሐረር ላይ ዛሬ ለምትመረቁ ሐኪሞችና ነርሶች ስለ አሰልጣኝ ድልና ሽንፈት ማውራት ከመንገድ የወጣ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከነገ ጀምሮ እናንተም የምትመዘኑት በቁጥር ነው።

አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን፣ ዋልያዎቹን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱ። በጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ያስመዘገቡት ውጤት ግን አንድ አቻ፣ ሁለት ሽንፈት፣ አንድ ያገቡት፣ ሰባት የተቆጠረባቸው ጎል ነው። ይህን ብቻ ያነበበ ቡድኑ ደካማ ነበር ብሎ ይፈርዳል። የተጋጣሚዎቹን ስም ሲያይ ግን ፍርዱ ይለዝባል። አቻ የወጣነው በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ስንጫወት ነው፤ ያውም ከቀደመው ዋንጫ ባለቤት ከዛምቢያ ጋር። ያሸነፉን ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶም ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ ናቸው። ሆስፒታልም እንዲሁ ነው። ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ክልል ምጥ ጠንቶባቸው፣ ዘግይተው የሚደርሱ እናቶችን የሚቀበል ሆስፒታል የሞት ቁጥሩ ከፍ ቢል ስንፍናው አይደለም። ቁጥሩን ብቻ የሚፈራ ባለሙያ ደግሞ ከባዱን ሕመምተኛ ሪፈር ጽፎ ይሸኛል፤ መዝገቡም ያምርለታል።

«ይህ የተሸናፊ ማመካኛ ነው» የሚል አይጠፋም፤ በከፊል እውነቱን ነው። ቡርኪናዎች በረኛቸው በቀይ ከወጣ በኋላ ሦስት ጎል ጨምረውብናል፤ እዚህ ላይ የተጋጣሚን ጥንካሬ መጥራት አያዋጣም። በዚያው ዓመት ሰኔ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን ስናበቃ 3 ለ 0 ተሸናፊ የተባልነውም፣ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች በማሰለፋችን ነው። ፊፋ አልበደለንም፤ ካርድ መቁጠር የሥራው አካል ነበር። መዝገቡ ሁለቱንም «ሽንፈት» ይላቸዋል። የመጀመሪያውን ልምምድ ያስተካክለዋል፤ ሁለተኛውን አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ ይበቃው ነበር። «ቁጥር ውሎ አድሮ እውነቱን ይናገራል» የሚሉም አሉ። ይናገራል፣ ጊዜ ከተሰጠው። የዱክ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ማይክ ሸሸፍስኪ በጡረታ ሲሰናበቱ 1,202 ድል ነበራቸው፤ በዱክ የመጀመሪያ ሦስት ዓመታቸው ግን 38 አሸንፈው 47 ተሸንፈዋል። አሰልጣኝ ሰውነት በ2006 ዓ.ም. ሲሰናበቱ ይህን ያህል የታገሣቸው አልነበረም።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህ ነው፦ ሞትን አትደብቁ፤ አንዱንም ሳታስቀሩ መዝግቡ። ከጎኑም ሕመምተኛው በምን ሁኔታ እንደደረሰ፣ እናንተ ዘንድስ ምን እንደጎደለ ጻፉ። ቅጹ ላይ ቦታ ከጠፋ ጀርባው ላይ ጻፉት።