የታዘዘው ቁምሳጥን ተሰነጠቀ፤ ይመለስ ወይስ ይጠገን?

በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ለጎጆ መውጫ ቁምሳጥን የሚያሠራ ብዙ ነው። ቀብድ ተከፍሎበት የመጣው ዕቃ በሩ አልገጥም፣ ጣውላው ልሰነጠቅ ሲልስ?

አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እርጥብ እንጨት ነው። ዋንዛም ይሁን ባሕር ዛፍ በቅጡ ሳይደርቅ ከተሠራ፣ ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፤ መሳቢያው ይወላገዳል። ክረምት ላይ የጠበቀ በር እርጥበቱ ሲያልፍ ሊለቅ ይችላል፤ ካልለቀቀም በመላጊያ ይስተካከላል። ለዚህ ዕቃ መመለስ አያስፈልግም። ጣውላው ከዳር እስከ ዳር ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁን በሙጫና በቀለም ሸፍነው እንዲያስረክቡዎ አይፍቀዱ።

ሲረከቡ በሩን ከፍተው ዘግተው፣ መሳቢያውን ስበው ይዩ። ጉድለት ካገኙ ለአናጺው ወዲያው ይንገሩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ ጊዜው ግን 15 ቀን ነውና አያሳልፉት።

ገና የምታሠሩ ደግሞ የእንጨቱን ዓይነት፣ ልኩንና የመረከቢያውን ቀን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አስፍሩ፤ ደረሰኝም ያዙ። በሽምግልናም ሆነ በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚታየው ይኸው ወረቀት ነው።