ነፋስን በገመድ ማሰር፦ በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ተርባይኖች መብራት ያበሩልናልን?



በሴፕቴምበር 2025 በምዕራብ ቻይና፣ ሺንጂያንግ ውስጥ፣ በሃሚ ከተማ አቅራቢያ አንድ ግዙፍ ፊኛ ወደ ሰማይ ወጣ። ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ስፋቱም ከፍታውም 40 ሜትር ነው። በሂሊየም ጋዝ የተሞላ ሲሆን በውስጡ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያላቸው 12 ተርባይኖች ተሸክሟል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የምጠቅስ መሆኔን ከወዲሁ ልንገራችሁ።) ተንቀሳቃሽ ምስሉ በየስልካችን ከተዘዋወረ በኋላ ከአባሎቻችን ደጋግሞ የደረሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህን ነገር ለአገራችን ገጠር ለምን አናስገባም? ለምንስ የእርዳታ ገንዘብ እንዲመደብለት አንጠይቅም?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው አሁንም መብራት በሌለበት ያመሻል። እኔ ያደግሁት እናቴ በነርስነት በምታገለግልበት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አጠገብ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣው በኬሮሲን ይሠራ ስለነበር፣ ኬሮሲኑ ባለቀ ቀን ቤታችን ውስጥ የሚሰፍነውን ዝምታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ስለዚህ ኮንቴይነር ተጭኖ በአንድ የጭነት መኪና የሚመጣ፣ ምሰሶም ክሬንም የማይጠይቅ የነፋስ ማመንጫ አለ ሲባል ልቤ መዝለሉ አልቀረም። የማስተርስ ጥናቴን በማዘጋጅበት ወቅት ስለዚሁ ቴክኖሎጂ የጻፍሁት አንድ ወረቀት አለ፤ ዛሬ ሳነበው ያሳፍረኛል። ያሳፈረኝ የትኛው ስሌት እንደሆነ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ማይልስ ሎይድ የተባለ በካሊፎርኒያው የሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በሒሳብ አሳይቶታል። የመነሻ ነጥቡ ይህ ነው፤ አንድ የተለመደ ተርባይን ሲሽከረከር ከክንፉ የውጭው ሢሶ ብቻ ከጠቅላላው የክቡ ስፋት 56 በመቶውን ይጠርጋል። ወደ መሐል ያለው ክንፍ፣ ማዕከሉ፣ ከሥር ያለው ከባድ ምሰሶ፣ የኮንክሪት መሠረቱ፣ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚያገለግለው ያንን የክንፍ ጫፍ ተሸክሞ ለማቆም ነው። ታዲያ ጫፉን ብቻ ወስደን በገመድ ብናስረውና ከነፋሱ አቅጣጫ ጎን ለጎን በፍጥነት እንዲበር ብናደርገውስ? ሎይድ ያሰላው ይህን ነው፤ ስሌቱም እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ይህንን ሐሳብ ተከትለው የመጡት ንድፎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቻይናዎቹ ያወጡት በጋዝ የሚንሳፈፍ ፊኛ ነው። ሁለተኛው በራሱ ላይ ትንንሽ ተርባይኖችን ተሸክሞ የሚዞርና ኃይሉን በገመዱ ውስጥ በሚያልፍ ሽቦ ወደ ምድር የሚልክ አውሮፕላን መሰል ክንፍ ነው። ሦስተኛው ልጆች ሜዳ ላይ ከሚያበርሩት ካይት ጋር የሚመሳሰል የጨርቅ ካይት ሲሆን፣ ካይቱ ገመዱን እየጎተተ ምድር ላይ ያለውን ከበሮ ያሽከረክራል፤ ከበሮው ደግሞ ጄኔሬተሩን ያዞራል። ገመዱ ተፈትቶ ሲያልቅ ካይቱ ነፋሱን እንዲያሳልፍ ተደርጎ ገመዱ ይጠቀለላል፤ ከዚያም ሥራው እንደገና ይጀመራል።

አሁን ወደዚያ ወደሚያሳፍረኝ ስሌት ልመለስ። የዚህ ዘርፍ ኩባንያዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳዩን ሥዕል አንድ ነው፦ ከፍ ሲሉ ነፋሱ ይበረታል፤ የነፋስ ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ልክ ያድጋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። መሐንዲሶች በሜዳማ ስፍራ በተለምዶ በሚጠቀሙበት ቀመር መሠረት ከ100 ሜትር ወደ 300 ሜትር ከፍታ ብንወጣ የነፋሱ ፍጥነት በ17 በመቶ ያህል፣ በውስጡ ያለው ኃይል ደግሞ በ60 በመቶ ያህል ይጨምራል። በወረቀቴ ላይ ይህን 60 በመቶ በደማቅ ቀለም ጽፌው ነበር።

የዘነጋሁት ገመዱን ነው። ካይት ከመሬት ማሠሪያው ቀጥ ብሎ ከላይ አይቆምም፤ ገመዱ ያዘነብላል። በ30 ዲግሪ ማዕዘን ቢያዘነብል 300 ሜትር ከፍታ ላይ ለመድረስ 600 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ካይቱ ነፋሱን ፊት ለፊት ሳይሆን በስላች ስለሚቀበለው ሊያመነጭ የሚችለው ኃይል በዚያው ማዕዘን ኮሳይን ሦስተኛ ርቢ ልክ መቀነሱ ነው። በ30 ዲግሪ ይህ ቅናሽ 35 በመቶ ይሆናል። 1.6ን በ0.65 ስናባዛ 1.04 እናገኛለን። ከ60 በመቶው ትርፍ በእጃችን የቀረው 4 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ገመዱ ራሱ አየሩን ሲቀድ የሚያባክነውን ገና አልቀነስንም።

ነፋሱ በከፍታ ከዚህ ቀመር በላይ የሚጠነክርባቸው ቦታዎች እንዳሉ አልክድም፤ በተለይ በሌሊት። ከኢትዮጵያ ደጋዎችና ከኬንያ ደጋዎች መካከል የሚያልፈው የቱርካና የነፋስ ጅረት በዓለም የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚያው ጅረት መንገድ ላይ ኬንያ 365 የተለመዱ ተርባይኖችን ተክላ 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ገንብታለች፤ ምሰሶዎቻቸው ከ50 ሜትር ያነሱ ናቸው። ነፋሱ ጥሩ በሆነበት ቦታ አጭር ምሰሶም ይበቃል። በሌላ በኩል የመሬቱ ተርባይን ራሱ ወደ ሰማይ እየተጠጋ ነው፤ ዛሬ ባሕር ላይ የሚተከለው ትልቁ የዴንማርክ ተርባይን የክንፉ ጫፍ 280 ሜትር ይደርሳል። ካይቱ «የእኔ ነው» ያለውን ከፍታ ምሰሶው እየቀደመው ነው።

ስለዚህ የአየር ላይ ተርባይን ትክክለኛ መከራከሪያ ከፍታ ሳይሆን የዕቃ ቁጠባ ነው። ይህ መከራከሪያ ደግሞ ለእኛ አገር ክብደት አለው። አዳማ ላይ በሁለቱ ምዕራፎች የቆሙት 136 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ዐቅም ያላቸው ሲሆኑ፣ ክንፎቻቸውና ምሰሶዎቻቸው ከወደብ ተነሥተው ሽቅብ ወደ ደጋው መጓጓዝ ነበረባቸው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያንን የሚያህል ክንፍ የጫነ ተሽከርካሪ ሲታጠፍ ያየ ሰው የኮንቴይነሩን ማራኪነት ይረዳል። ነገር ግን ዕቃ መቆጠብ ማለት በሌላ ቋንቋ በምሰሶ ፈንታ ኮምፒውተር መትከል ማለት ነው። ምሰሶ ቀንና ሌሊት ማንም ሳይጠብቀው ይቆማል። ካይት ግን ነፋሱ ሲሞት መውረድ፣ ሲነሣ መውጣት፣ መብረቅ ሲመጣ መሸሽ፣ አውሎ ሲነሣ መትረፍ አለበት፤ ይህንንም አንድም ቀን ሳይሳሳት ለዓመታት መደጋገም አለበት።

በዚህ ፈተና የወደቁት ደካሞች አይደሉም። ማካኒ የተባለው ኩባንያ በ2006 በካሊፎርኒያ ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎቹ አንዱ ጉግል ነበር፤ በ2013ም ጉግል ጠቅልሎ ገዛው። ኩባንያው 26 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 8 ሮተሮች የተሸከመ፣ 600 ኪሎ ዋት እንዲያመነጭ የታሰበ ክንፍ ሠራ። በኦገስት 2019 ከሼል ጋር ሆኖ በኖርዌይ ባሕር ላይ አበረረው። በዚያ የሙከራ ዘመቻ በሁለተኛው በረራ ክንፉ ባሕር ውስጥ ወድቆ ጠፋ። በፌብሩዋሪ 2020 የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት ድጋፉን አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ማካኒ ተዘጋ። የሚያስመሰግነው አንድ ነገር አለ፤ ሲዘጉ ያወቁትን ሁሉ፣ ክንፉ ከታቀደው በላይ መክበዱን ጭምር፣ በሦስት ጥራዝ ጽፈው ለሕዝብ በነጻ ለቀቁት። ይህን ጉዳይ የያዘ የምክር ቤት ባልደረባ ሁሉ ከማንኛውም የኩባንያ ገለጻ በፊት እሱን ቢያነብብ እመክራለሁ።

የሆላንዱ አምፒክስ ፓወር በ2022 ከሰረ። በፊኛ ላይ ተርባይን ሰቅሎ በአላስካ ሊሞክር በ2014 አስታውቆ የነበረው አልታኤሮስ ፊኛዎቹን ወደ ስልክና ኢንተርኔት አገልግሎት አዞራቸው፤ በእኔ ግምት ብልህ ውሳኔ ነው። በሕይወት ካሉት መካከል የሃምቡርጉ ስካይሴይልስ በሞሪሸስ ደሴት እስከ 100 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ የጨርቅ ካይት አቁሟል፤ የዴልፍቱ ካይትፓወር ደግሞ በ2021 ከሆላንድ መከላከያ ጋር በአሩባ ደሴት ሞክሮ፣ አሁን በምዕራብ አየርላንድ በተዘጋጀ የሙከራ ጣቢያ ይሠራል። የተረፉት አነስተኛ የሆኑት፣ ለስላሳ ካይት የመረጡትና ናፍጣ ውድ የሆነበትን ደሴት ወይም ጦር ሰፈር ያነጣጠሩት መሆናቸውን ልብ በሉ።

እነዚህንም ቢሆን ስንመዝን በቁጥር እንዳንታለል። «100 ኪሎ ዋት» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ በሚፈታበት ሰዓት ያለው ከፍተኛ መጠን ነው። ለምሳሌ ያህል እንበልና ካይቱ ለ80 ሰከንድ 100 ኪሎ ዋት ቢያመነጭ፣ ከዚያም ገመዱን ለመጠቅለል ለ20 ሰከንድ 30 ኪሎ ዋት ቢበላ፣ አማካዩ 74 ኪሎ ዋት ነው። ይህም ጥሩ ነፋስ ሲኖር ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ካይቱ መሬት ላይ የሚውልባቸው ሰዓታት፣ ፀሐይ የሚበላው ጨርቅ የሚቀየርባቸው ቀናት፣ የሚያረጀው ገመድ ይቀነሳሉ። በየዙሩ የሚወርድና የሚወጣውን ኃይል የሚያለሰልስ ባትሪም ያስፈልጋል። ባትሪው ከተገዛ ደግሞ አጠገቡ የፀሐይ ፓነል መዘርጋት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ፓነል አይወድቅም።

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ሌላም ችግር ይጨመራል። 1 ሺ 800 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል። ይህ የመሬቱንም ተርባይን ይጎዳል፤ ፊኛን ግን ሁለት ጊዜ ይቀጣዋል፤ አንዴ በሚያመነጨው ኃይል፣ አንዴ ደግሞ በሚያነሣው ክብደት። ሂሊየሙስ ከየት ይመጣል? እየሾለከ በጎደለ ቁጥር በውጭ ምንዛሪ ሊሞላ ነው። ድሮን ለማስገባት እንኳ የደኅንነት ተቋም ፈቃድ በሚጠየቅበት አገር በመቶዎች ሜትር ገመድ ላይ ራሱን የሚያበርር ማሽን ማን ይፈቅዳል የሚለውም ጥያቄ አለ።

የፈቃድ ነገር አሜሪካም ውስጥ አልተፈታም ነበር። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2011 ባወጣው ማስታወቂያ እንዲህ ያሉትን ማሽኖች ለሙከራ ብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ ከ499 ጫማ ባልበለጠ ከፍታ ወስኗቸው ነበር። 499 ጫማ 152 ሜትር ነው። የከፍታውን ነፋስ ፍለጋ የተሠራ ማሽን ከባሕሩ ተርባይን ጫፍ በታች እንዲበር ታዘዘ ማለት ነው። ተቆጣጣሪውን አልወቅስም፤ አነስተኛ አውሮፕላን የሚያበርር ሰው ቀጭን ገመድ አያይም። ኮንግረስ በበኩሉ በ2020ው የኢነርጂ ሕግ ጥናት እንዲቀርብለት ጠይቆ፣ የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ በኖቬምበር 2021 ሪፖርቱን አቅርቧል።

እንግዲህ ተግባራዊ ነውን? ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይችላል፤ አመንጭቷልም። ዓመቱን ሙሉ ያለ ጠባቂ፣ በሚታመን ዋጋ፣ መሐንዲስ በአቅራቢያው ለሌለው መንደር ማመንጨት መቻሉን ግን እስከ ዛሬ ማንም በአደባባይ በወጣ መረጃ አላሳየም። የእኔ አቋም ለገጠር መብራት ከተመደበ የእርዳታ በጀት ለዚህ ቴክኖሎጂ አንድም ዶላር እንዳይነሣ ነው። ያ ገንዘብ የፀሐይ ሚኒ ግሪድ፣ ባትሪና የመስመር ዝርጋታ ገንዘብ ነው። ለምርምር ከተለየ በጀት አነስተኛ ድጋፍ ቢሰጥ አልቃወምም፤ ድጋፉ ግን መረጃን ይፋ ከማድረግ ግዴታ ጋር ይታሰር። ማካኒዎች ከሞቱ በኋላ ያደረጉትን ሌሎቹ በሕይወት ሳሉ ያድርጉት።

ስለዚህ አንድ ኩባንያ ወደ ቢሮአችሁ ሲመጣ የምትጠይቁት ብዙ አይደለም። ሰው ሳይነካው በተከታታይ ለስንት ሰዓት በረረ? ባለፉት 12 ወራት ከራሱ ፍጆታ በኋላ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ለተጠቃሚ ሸጠ? ስንት ጊዜ ወደቀ፣ የወደቀውስ ምን ላይ ነው? በመልሱ ፈንታ ፊልም ካሳዩአችሁ ስብሰባውን አሳጥሩት። ከአባሎቻችንም መካከል በዚህ ዘርፍ የግል ገንዘባችሁን ለማፍሰስ የምታስቡ እንዳላችሁ ሰምቻለሁና እነዚህኑ ጥያቄዎች ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ የተጻፈ መልስም ተቀበሉ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ስለ ስሌቶቹ ጥያቄ ያለው ካለ ወረቀቱን ይዤዋለሁ።