የለንደን የክርስትና መዝገብና የዕድል ስሌት

የንግሥት አን ሐኪም የነበረው ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን አርቡትኖት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1629 እስከ 1710 በለንደን ከተማ ክርስትና የተነሡትን ሕፃናት መዝገብ ቢመረምር፣ በ82ቱም ዓመታት፣ አንዱ ስንኳ ሳይቀር፣ ወንዶቹ ከሴቶቹ በልጠው አገኛቸው። ነገሩ የአጋጣሚ ብቻ ቢሆን፣ በአንድ ዓመት ወንዶች የሚበልጡበት ዕድል፣ ዘውድ ወይስ ጎፈር ተብሎ በተወረወረ ሳንቲም ላይ ዘውድ እንደማግኘት፣ ከሁለት አንድ ነውና፣ ይህ 82 ጊዜ ያለማቋረጥ የሚደገምበት ዕድል 25 አኃዝ ባለው ቁጥር ከተከፈለ አንድ አይበልጥም፤ ስለዚህም ሐኪሙ አጋጣሚ የሚለውን ግምት ውድቅ አድርጎ፣ ምክንያቱ መግቦተ እግዚአብሔር ነው ሲል ደመደመ።

ዛሬ መላምት የሚፈትኑ ሊቃውንት የሚሄዱበት መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው፦ አስቀድሞ አጋጣሚ ብቻ ነው ብሎ መነሣት፣ ከዚያም በዓይን የታየው ነገር በዚያ ግምት ሥር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ መመዘን። ዳሩ ግን፣ አርቡትኖት እዚህ ላይ ቸኩሏል ባይ ነኝ፣ አንዱን ግምት መጣል ሌላውን ማጽደቅ አይደለም፤ የሒሳብ ሊቁ ኒኮላስ በርኑሊ እንደተከራከረው፣ ከ35 ልደት 18ቱ ለወንድ፣ 17ቱ ለሴት የሚደርስበት ዕድል ቢወሰድ፣ የመዝገቡ ውጤት ያለ አንዳች ተአምር ይገለጻል።