ያልታወቀች ንብ ስትገኝ በምን እንለያታለን?

(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከእርሻ ኮሌጅ እንደ ወጣሁ አንድ አዛውንት ገበሬ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር በራሪ በክብሪት ቀፎ ከተው አመጡልኝ። «ልጄ፥ ይህ ተርብ የቤቴን ወራጅ በስቶ ጨረሰው፤ መድኃኒት ስጠኝ» አሉኝ። እኔም ሳልመረምር የሚረጭ መድኃኒት ሰጠኋቸው። ኋላ አገላብጬ ባያት ንብ ሆና አገኘኋት። በዚያው ሰሞን የጓሯቸው ቲማቲም በአበባ ላይ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። እናንተ እንዳትደግሙት መለያውን እነሆ።

መጀመሪያ ክንፏን ቍጠሩ። ዝንብ ሁለት ክንፍ ብቻ አለው፤ ንብና ተርብ ግን አራት አራት አላቸው። የፊቱና የኋላው ክንፍ ተያይዞ አንድ ስለሚመስል፥ ሞታ የተገኘችውን በእሾህ ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ።

ሁለተኛ ጠጕሯን እዩ። ተርብ ገላው ልሙጥ፥ ወገቡም ቀጭን ነው። አብዛኛዎቹ ንቦች ግን በተለይ ደረታቸው ጠጕራም ነው፤ የአበባ ዱቄት የሚይዝላቸው ይኸው ጠጕር ነውና።

ሦስተኛ የኋላ እግሯን መርምሩ። የማር ንብ ሠራተኛ እግር ሰፋ ያለና ልሙጥ ነው፤ ዳር ዳሩን ጠጕር ከብቦት ዱቄቱን እንደ ቅርጫት ይይዛል። ጣዝማም ቅርጫት አላት፤ ነገር ግን ከማር ንብ ታንሳለች፥ አትናደፍምም። እንጨት የምትበሳዋ ትልቅ ንብ ቅርጫት የላትም፤ እግሯ በወፍራም ጠጕር የተሸፈነ ነው፤ የሆዷ ጀርባ ግን ያብረቀርቃል። ዱቄቱን ከሆዷ ሥር ባለው ጠጕር ተሸክማ ብታገኟት ደግሞ ቅጠል ቈራጭ ንብ ወይም የእርሷ ዘመድ ናት።

እንግዲህ ያቺ ጥቁር ንብ እንጨቱን አትበላውም፤ በስታ ልጆቿን ታሳድግበታለች እንጂ። ሴቷ በእጅ ከተያዘች ትናደፋለች፤ ወንዱ ግን መንደፊያ የለውም። ጥቅሟም ብዙ ነው። የቲማቲም አበባ ዱቄቱን በቀላሉ አይለቅም፤ እርሷ አበባውን ጨብጣ በመንዘር ታራግፈዋለች፤ ፍሬ እንዲይዝም ትረዳለች። የማር ንብ ይህን አታደርግም።

ስለዚህ የቤታችሁን እንጨት ቀለም ቀቡት፤ በእርሻችሁ ዳር ግን ደረቅ ግንድ ተዉላት። ሰብል በአበባ ላይ ሳለ መድኃኒት አትርጩ። የልማት ሠራተኞችም፥ ገበሬው ነፍሳት ይዞ ሲመጣ መድኃኒቱን ከማንሣታችሁ በፊት ክንፉን፥ ጠጕሩንና እግሩን ተመልከቱ።