ጌጥ ሥራ ሲኖረው፦ የቤልፋስቱ «ክራውን» መጠጥ ቤት



ስለ ታሪካዊ ሕንፃ ስንነጋገር ቤተ መንግሥትን፣ ቤተ መቅደስንና ግንብን ማንሣት ለምደናል። የዛሬው ርእሴ ግን መጠጥ ቤት ነው፤ በሰሜን አየርላንድ በቤልፋስት ከተማ፣ በግሬት ቪክቶሪያ ጎዳና ላይ የሚገኘው «ክራውን ሊከር ሳሎን»። ላስረዳ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ የዚህ ቤት ጌጥ ከአገልግሎቱ አይነጠልም፤ ስለዚህም ጌጡን መጠበቅ ማለት አገልግሎቱን መጠበቅ ማለት ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ቤቱ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በመሆኑ ቀድሞ የባቡር መጠጥ ቤት ይባል ነበር። የዛሬውን መልኩን ያገኘው ፓትሪክ ፍላናጋን በ1885 ማደስ ከጀመረ በኋላ ነው። አብያተ ክርስቲያናትን ለማስጌጥ ወደ አየርላንድ የመጡ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች ከሥራ ሰዓታቸው በኋላ እየመጡ እንዳስጌጡት በትውፊት ይነገራል። በደጃፉ ወለል ላይ በሞዛይክ የተሠራ ዘውድ አለ። ስለ ዘውዱም የከተማው ሰው የሚያወጋው ጨዋታ አለ፦ ሚስት ለንግሥቲቱ ታማኝ ነበረችና ቤቱ «ዘውድ» ይባል አለች፤ ባልም እሺ ብሎ ገባተኛው ሁሉ እንዲረግጠው ዘውዱን መሬት ላይ አነጠፈው ይባላል።

አሁን ወደ ሸክላው እንምጣ። በ1840 ሪቻርድ ፕሮሰር የተባለ እንግሊዛዊ ደረቅ የሸክላ ዱቄትን በመጭመቂያ አጥብቆ ቅርጽ የማስያዝ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። እርጥብ ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ይጣመማል፤ ደረቁ ዱቄት ግን ቅርጹን ጠብቆ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የግድግዳና የወለል ሸክላ በፋብሪካ በብዛት ይመረት ጀመር። የቀድሞ ዘመን ባለጠጎች ብቻ ያዩት የነበረው ውበት በጣቢያ፣ በሆስፒታልና በመጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ወጣ። የክራውንን ሸክላ ያቀረበው ክሬቨን ደኒል በእንግሊዝ በጃክፊልድ መንደር ከነበሩት ስመ ጥር አምራቾች አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ለታይታ ብቻ የተደረገ አይደለም። ፊቱ የሚያብረቀርቅ ሸክላ የትምባሆ ጢስንና የፈሰሰ ቢራን አይመጥም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠራል። የጋዝ መብራት ደካማ በነበረበት ዘመን ሸክላው፣ መስታወቱና የተወለወለው ናስ ብርሃኑን እየመለሱ ያበዙት ነበር። ባለ ቀለሙና ሥዕል ያለበት የመስኮት መስታወት ብርሃን ያስገባል፤ የመንገደኛን ዐይን ግን ይከለክላል።

በረጅሙ የቀይ ግራናይት ባንኮኒ ትይዩ በተቀረጸ እንጨት የተከለሉ አሥር ትናንሽ ክፍሎች አሉ። ሲጠጣ መታየት የማይፈልግ ሰው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ አስተናጋጅ ሲፈልግ ደወል ይጫናል። በክፍሎቹ ውስጥ ክብሪት የሚጫርባቸው የብረት ሳህኖች ሳይቀሩ ተገጥመዋል። ነድፎ ያሠራው ሰው የተቀመጠውን ሰው እጅ ሳይቀር አስቦለታል ማለት ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤልፋስት በፖለቲካ ግጭት ታመሰች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ዩሮፓ ሆቴል ከ30 ጊዜ በላይ የቦምብ ጥቃት ደረሰበት፤ በየፍንዳታው የክራውንም መስታወት ተጎዳ። በዚያ ጭንቅ መካከል፣ በ1978፣ ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ቤቱን ገዛው፤ ባለቅኔው ሰር ጆን ቤቼማንም ለዚህ ድምፃቸውን ካሰሙት አንዱ ነበሩ። ሰው በሚሞትበት ከተማ ለመጠጥ ቤት ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። የእኔ መልስ አዎን ነው። በጥል የተከፋፈለ ሕዝብ ጥሉ ሲበርድ ተመልሶ የሚቀመጥበት የጋራ ወንበር ያስፈልገዋል።

ማኅበሩ ቤቱን ሲያሳድስ ወደ ሙዚየምነት አልለወጠውም። ዛሬም የጋዝ መብራቱ ይበራል፤ ቢራም ይቀዳል። ይህ ውሳኔ ዋጋ አለው፤ እንጨቱ ይፋቃል፣ ወለሉ ይረገጣል፣ ጥገናው አያልቅም። ነገር ግን በገመድ ታጥሮ ቢቀመጥ ኖሮ የደወሉ ትርጉም፣ የክፍሎቹ ምሥጢር፣ የሸክላው ጥቅም ሁሉ በጽሑፍ የሚነገር ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

እናንተ ነገ ለቅርስ ሕንፃ ፍርድ የምትሰጡ ተማሪዎች፣ በመጀመሪያ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁለተኛውን ግን አትርሱ፦ «ማን ይገለገልበታል? ነገስ ማን ይገለገልበታል?» ለሁለተኛው መልስ ያልተገኘለት ሕንፃ፣ ግድግዳው ቢድንም ሕይወቱ አይድንም።