ቀንበሩን አውቀው በሬውን ያጡት አጎቴ
(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ከሙያህ አንድ ነገር አካፍለን፤ ግን ከአስር ደቂቃ እንዳታልፍ» አለኝ። እኔም የተሳካልኝን ትቼ የተሳሳትኩትን ለመናገር መረጥሁ።

በሕክምና በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ምንጃር የሚኖሩት አጎቴ ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ያዛቸው፤ መቃዠት ሲጀምሩ ሆስፒታል ገቡ። በቫይረስ የመጣ የአንጎል ብግነት ነው ተባለ። እግዜር ይመስገን፣ ተርፈው ወጡ። ይሄዳሉ፣ ይጫወታሉ፣ ሰውም ይለያሉ። ቤተሰቡ ግን ግራ ተጋባ። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው፣ በሬ ሲያዩ «እንስሳ ነው» ብለው ዝም! ምን እንደሚበላ ሲጠየቁ ይጨነቃሉ። ጤፍና ሽንብራ ይምታታባቸዋል። ቀንበርስ ሲባሉ ግን «ሲታረስ አንገት ላይ የሚጫን እንጨት ነዋ!» ብለው ይስቃሉ። «የማን አንገት ላይ?» ሲባሉ መልሰው ዝም። ሞፈር፣ መጋዝ፣ ሬዲዮ፣ ቁልፍ፣ አንዱንም አይስቱም።

አንዱ ጎረቤት «ልክፍት ነው» አለ፤ ሌላው «ሥራ ጠልተው ነው» አለ። ልጆቻቸው እኔን ጠሩኝ፤ የቤተሰቡ ሐኪም እኔ ነኛ! እስክሪብቶ አሳየኋቸው፣ መለሱ። ሰዓቴን፣ መነጽሬን፣ ቁልፌን አሳየኋቸው፣ መለሱ። በትምህርት ቤት የተማርነው አጭር ምርመራ ይኸው ነው። «አእምሯቸው ደህና ነው፤ አኩርፈው ይሆናል፣ ብዙ አታባብሏቸው» ብዬ ፈረድሁ። ልጆቹ አመኑኝ። ከዚያ ወዲያ የከብት ስም በተሳሳቱ ቁጥር ይቆጧቸው ጀመር። እሳቸውም ቀስ በቀስ ከሰው መሐል ዝም ማለትን ለመዱ።

ከዓመታት በኋላ ለስፔሻሊቲ ስማር አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። ኤልሳቤጥ ዋሪንግተን እና ቲም ሻሊስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 «ብሬይን» በተባለው መጽሔት ያወጡት ነው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ በተባለው ቫይረስ አንጎላቸው ተጎድቶ የዳኑ አራት ሰዎችን መርምረዋል። ከእነሱ አንዱ፣ ጄ.ቢ.አር. ተብሎ የተጠራው፣ እንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። የዕቃዎችን ሥዕል ሲያይ ከመቶ 90 ያህሉን ለየ፤ ሕይወት ካላቸው ነገሮች ግን ከመቶ 6 ብቻ። ችግሩ የዓይን እንዳትሉ፣ ሥዕል ሳይቀርብለት ስሙ ብቻ ሲነገረውም ያው ነው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ማስረዳት አይችልም።

ጽሑፉን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። አጎቴን ያነበብኩ ነው የመሰለኝ።

እናንተም «እንስሳት እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ ከዕቃ ይከብዱ ይሆናል» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም አንስተውታል፤ እውነትም በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ የሥዕሉ ውስብስብነትና የነገሩ ለዓይን አዲስ መሆን ልዩነቱን አጋንኖታል። ነገር ግን ተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዋሪንግተንና ሮዛሊን ማካርቲ በስትሮክ የተጎዱ አንዲት ታማሚ እንስሳንና ምግብን ከዕቃ በተሻለ እንደሚለዩ አሳይተዋል። ከባድና ቀላል የመሆን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። በ1985 ደግሞ፣ ከስትሮክ ካገገመ በኋላ በተለይ የፍራፍሬና የአትክልት ስም የጠፋው ሰው «ኔቸር» ላይ ተዘግቧል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንደኛው ማብራሪያ የዋሪንግተን ነው። በግና ፍየልን የምንለየው በመልካቸው ነው፤ መዶሻና መጋዝን ግን በሥራቸው። ይህ ቫይረስ በብዛት የሚያጠቃው ቴምፖራል ሎብ የተባለውን፣ ከጆሮ በላይ ወደ ውስጥ ያለውን የአንጎል ክፍል ነው። የመልክ እውቀት ሲጎዳ እንስሳት ይጠፋሉ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ጄ.ቢ.አር. የሙዚቃ መሣሪያዎችም ይቸግሩት ነበር፤ የሰውነት ክፍሎችን ግን በደንብ ያውቃል። ሁለተኛው ማብራሪያ አልፎንሶ ካራማዛና ጄኒፈር ሼልተን በ1998 ያቀረቡት ነው፤ አውሬንና የሚበላ ተክልን ቶሎ መለየት ለሰው ልጅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ስለነበር አንጎል የየራሳቸውን መንገድ አበጅቶላቸዋል ይላሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።

ለእኔ ግን አንድ ነገር ተቋጭቷል። እስክሪብቶና ሰዓት ብቻ የሚያሳይ ሐኪም ግማሹን አእምሮ ሳይመረምር ይወጣል። እዚህ ያላችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከእስክሪብቶው ጎን የዶሮ፣ የአህያ፣ የሙዝና የሽንኩርት ሥዕል ያዙ። ወጪው ምንም ነው። ሐኪም ያልሆናችሁ ደግሞ፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ሰው ጠባዩ ሲለወጥ ወይም ሲቀባዥር «ያልፍለታል» አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት። የሄርፒስ የአንጎል ብግነት ሳይታከም ሲቀር ከአስሩ ሰባት ያህሉን ይገድላል፤ አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ግን ብዙዎችን ያተርፋል። ከዳነ በኋላ ግማሹን አውቆ ግማሹን የሚስት ሰው ስታዩም፣ «ይህን እያወቀ ያንን እንዴት ያጣል?» ብላችሁ አትፍረዱ። ይቻላል።

ይህን ስረዳ አጎቴ አርፈው ነበር። ምንጃር ሄጄ ልጆቻቸውን ሰብስቤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ታላቁ ልጅ ረዘም ላለ ጊዜ መሬት መሬት አየና «እኛ እኮ በበሬ እየተቆጣናቸው ነው የሸኘናቸው» አለ። ምን ልበለው? «የነገርኳችሁን ነው ያደረጋችሁት» አልኩት። እሱም የበቃው አልመሰለኝም፤ እኔም አልበቃኝም። ለዚህ ነው ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት።